የግመል ወተትና የገላትያ ወንጌል

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥተው በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ሄደው ከሆነ፣ አፋር እንግዳውን በወተት እንደሚቀበል ያውቃሉ። ብዙ ጊዜም የግመል ወተት ነው። ከደጋ ለሥራ ወደዚያ የሄደ አንድ ተማሪዬ ወተቱ ሲቀርብለት «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ መለሰ። አልጾመም ነበር። ይህን የነገረኝ የገላትያን መልእክት በምናጠናበት ሰሞን ነው፤ «መዋሸቴ ጥፋት ነው፤ ግን ብጠጣውስ ኖሮ?» ሲል ጠየቀኝ።

ጥያቄውን አቅልለው አይዩት። ዘሌዋውያን 11፥4 ግመልን ከርኩሳን እንስሳት ይቆጥረዋል፤ ቢያመሰኳም ሰኮናው አልተሰነጠቀምና። የደጋው ክርስቲያን ይህን ለዘመናት ጠብቆ ኖሯል። (ክፍሉ የሚከለክለው ሥጋውን ነው፤ ወተቱን በስም አያነሣም። ልማዳችን ግን ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይዟል።) ተማሪዬ ያደገው በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ኤፌሶን 2፥8ን በቃሉ ያውቀዋል። ወተቱ ሲቀርብ ግን ከአፉ የወጣው ሌላ ነው።

ጴጥሮስም እንዲሁ ሆኖ ነበር። በኢዮጴ ራእዩን አይቶ፣ ቆርኔሌዎስ ቤት ገብቶ (ሐዋ. 10)፣ በአንጾኪያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር ይበላ ነበር። ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ (ገላ. 2፥11-14)። ልብ ይበሉ፦ ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም፤ የለወጠው የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ለተተዉት ግን «ክርስቶስ ብቻውን አይበቃችሁም» ብሎ የሰበከላቸው ያህል ሆነ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት የገሠጸውም ለዚህ ነው።

«ለሆዴ አይስማማኝም» የሚል ሰው ጤናውን ጠበቀ እንጂ ሕግ አልጠበቀም። «ብጠጣው በእግዚአብሔር ፊት እረክሳለሁ» የሚል ግን ጽድቁን ከክርስቶስ ሌላ ነገር ላይ አስደግፏል። እኛ ወንጌላውያን በዚህ ሌላውን ለመውቀስ አንቸኩል። በጌጥ፣ በአለባበስ፣ በፀጉር አሠራር የሰውን መዳን የምንለካባቸው ያልተጻፉ ሕጎች አሉን፤ የዘሌዋውያኑ ቢያንስ ተጽፎ ይነበባል።

ሌላም ወገን አለ። በረመዳን ቀትር ላይ በሰመራ ጎዳና፣ «ነጻ ነኝ» እያለ በሚጾሙ ጎረቤቶቹ ፊት የሚበላ አማኝ ገላትያ 5፥1ን አንብቦ 5፥13 ሳይደርስ መጽሐፉን ዘግቷል። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1520 ስለ ክርስቲያን ነጻነት በጻፈው አጭር መጽሐፍ የእምነትን ነጻነትና የፍቅርን አገልግሎት ሳይነጣጥል አስተምሯል። ወተቱን ለስብከት መግቢያ ይሆነኛል ብሎ የሚጠጣም፣ በእኔ አስተያየት፣ የጋበዘውን ሰው አላከበረም።

ተማሪዬን «ጠጣ» አላልሁትም። ሮሜ 14፥23 እየተጠራጠረ የሚበላን ሰው ያስጠነቅቃል፤ ልቡ ሳይቀበል ቢጠጣ የሙሴን ሕግ በመምህሩ ሕግ ለወጠ ማለት ነው። ስለ ውሸቱ ግን ረዘም አድርገን ተነጋገርን። ካልሆነለት «አልለመድሁትም፤ ውሃ ስጡኝ» ይበል፤ ይሰጡታል። ከዚያም ሳይነሣ እዚያው ተቀምጦ ዳጉውን ይስማ፤ እርሱም ከመጣበት አገር ያለውን ወሬ ይንገራቸው።