ከጥርስ ሐኪሙ ጎን ያሉ ሁለት ሙያዎች



«ከ12ኛ ክፍል በኋላ ምን መማር ትፈልጋላችሁ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ብዙዎቻችሁ «ሕክምና» ብላችሁ እንደምትመልሱ እናውቃለን። ምኞቱ መልካም ነው። ነገር ግን የሕክምና ፋኩልቲ የመግቢያ ውጤቱ ከፍተኛ፣ ዓመታቱ ረጅም፣ ክፍያውም ለስደተኛ ቤተሰብ ከባድ ነው። ያ በር የተዘጋበት ተማሪ የጤናው ዘርፍ በሙሉ የተዘጋበት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በዚህ እትም የምናስተዋውቃችሁ ሁለት ሙያዎች አሉ፤ እነርሱም የጥርስ ሐኪም ረዳትነትና የጥርስ ቴክኖሎጂ ናቸው። ሁለቱ በስም ስለሚቀራረቡ ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ሳይለዩ መመዝገብ ግን ገንዘብንም ዕድሜንም ያስከፍላል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለምን ስለ ጥርስ እንነጋገራለን?

አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ፤ ሆድ እያዘነ ጥርስ ይስቃልና። ሲታመም ግን ባዳነቱ ይቀርና ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ሪፖርት በአፍና በጥርስ በሽታ የተያዙት የዓለም ሰዎች ወደ 3.5 ቢሊዮን እንደሚጠጉ ገልጿል። በእኛም አካባቢ ምክንያቱ ብዙ ነው። ሱዳን ውስጥ ሻይ በብዙ ስኳር ይጠጣል። ቱምባክ የሚባለው በከንፈር ሥር የሚያዝ ትምባሆ ከአፍ ካንሰር ጋር የተያያዘ መሆኑ በጥናት ታውቋል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ደግሞ በአንዳንድ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ የጤና ድርጅቱ ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው።

ወላጆች በተለይ ልታውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ድዱን ቀዶ «የወተት ጥርስ» የማውጣት ልማድ በኢትዮጵያም በሱዳንም ይታያል። የሚወጣው ነገር ትል ወይም በሽታ አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የጥርስ እንቡጥ ነው። ሕፃኑ ደም ሊፈሰው፣ ቁስሉ ሊመረቅዝበት፣ በኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽበት ይችላል። ተቅማጡ የሚፈልገው ጨውና ስኳር የተመጠነበት ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) እና የጤና ጣቢያ ምርመራ ነው። ይህን በራሳቸው ቋንቋ ለእናቶች የሚያስረዳ ሠልጣኝ ከመካከላችን ቢገኝ ምን ያህል ሕፃናት ከሥቃይ እንደሚድኑ አስቡት።

የጥርስ ሐኪም ረዳት ሥራው ምንድን ነው?

ረዳት የሚሠራው በሽተኛው ባለበት ክፍል፣ ከሐኪሙ ወንበር አጠገብ ነው። ዕቃዎቹን በቅደም ተከተል ያዘጋጃል፣ ሐኪሙ ሲሠራ ምራቁንና ውኃውን በመምጠጫ ያነሣል፣ የመሙያውን ቅመም በልኩ ያዋህዳል፣ ካርድ ይጽፋል፣ የፈራውን ልጅ ያጽናናል። በብዙ አገር ተጨማሪ ሥልጠና ያለው ረዳት የጥርስ ራጅ ያነሣል።

ከሁሉም የሚበልጠው ኃላፊነቱ ግን ዕቃን ከጀርም ማጽዳት ነው። አውቶክሌቭ የተባለው መሣሪያ በእንፋሎት ግፊት ዕቃውን በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ያቆያል። ረዳቱ ከዚህ ደቂቃ ቢቀንስ የአንዱ ሰው የጉበት በሽታ ወደ ሌላው ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ራሱም ሥራ ላይ ከመሰማራቱ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ አለበት፤ ክትባቱ እንደተለመደው ሦስት ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ ከአንድ ወርና ከስድስት ወር በኋላ ይሰጣል።

ከትምህርቱ አንዱን እነሆ ቅመሱ። የአዋቂ ሰው ጥርስ 32 ነው። ሐኪሞች አፍን በአራት ይከፍሉታል፤ ከታካሚው የላይኛው ቀኝ 1፣ የላይኛው ግራ 2፣ የታችኛው ግራ 3፣ የታችኛው ቀኝ 4 ይባላል። በእያንዳንዱም ክፍል ጥርሶች ከመሐል ወደ ኋላ ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ «ሦስት-ስድስት» ካለ በታችኛው ግራ በኩል ያለውን ስድስተኛ ጥርስ ማለቱ ነው። የልጆች የወተት ጥርስ 20 ሲሆን ክፍሎቹ ከ5 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ወላጆች ሆይ፣ ይህ ስድስተኛ ጥርስ የሚበቅለው ልጁ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ሌላ ጥርስ ሳይወልቅለት ከኋላ ስለሚመጣ ብዙዎች የወተት ጥርስ ይመስላቸውና «ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። እርሱ ግን ቋሚ ነው፤ ከጠፋ ምትክ የለውም።

የጥርስ ቴክኒሺያንስ?

ቴክኒሺያኑ አብዛኛውን ጊዜ በሽተኛውን አያየውም። የሚሠራው በላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሐኪሙ የአፉን ልክ ወስዶ ይልክለታል፤ እርሱ በልኩ ውስጥ ጀሶ አፍስሶ የበሽተኛውን ጥርስና ድድ ቅጂ ያወጣል። በዚያ ቅጂ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የጥርስ ሽፋን (ክራውን)፣ ድልድይ (ብሪጅ) እና የተጣመመ ጥርስ ማቃኛ ሽቦ ይሠራል።

አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ «ሰምና ወርቅ» የምንለው ከአንጥረኛ ቤት የመጣ አባባል መሆኑን አስተማሪዎቻችሁ ነግረዋችሁ ይሆናል። አንጥረኛው ጌጡን በመጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በሸክላ ጭቃ ይለብጠዋል፣ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በባዶው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስሳል። የጥርስ ቴክኒሺያንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሽፋኑን በሰም ቀርጾ፣ ሙቀት በሚችል ዱቄት ለብጦ፣ ሰሙን አቅልጦ፣ ብረቱን ያፈስሳል። ይህን ጥንታዊ ጥበብ ለጥርስ ሥራ በሰፊው ያስተዋወቀው ዊሊያም ታጋርት የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ዘመኑም 1907 ነበር። ከአክሪሊክ የሚሠራው ተነቃይ ጥርስም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ ድዱ በሰም ይቀረጻል፣ ሰሙ በፈላ ውኃ ይወጣል፣ በቦታው አክሪሊኩ ገብቶ በሙቀት ይጠነክራል።

ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪ ኮምፒዩተር ልኩን አንብቦ በመቅረጫ ማሽን ጥርሱን ይሠራል። ይህ አሠራር በበሽተኛ ላይ በመጀመሪያ የተሞከረው በ1985 በስዊዘርላንድ ዙሪክ ከተማ ነው። ማሽኑ ግን የጥርስን ቅርጽና አነካከስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪው የእጅ ሥራውንም ኮምፒዩተሩንም ሊማር ይገባዋል።

የሥራው ጉዳትም መታወቅ አለበት። የጀሶ፣ የሸክላና የብረት ብናኝ ለዓመታት ከተሳበ ሳንባን ይጎዳል፤ የአክሪሊኩ ፈሳሽ ቆዳን ያሳክካል። የአየር መሳቢያና የአፍ መሸፈኛ የሌለው ላቦራቶሪ ጥሩ የትምህርት ቦታ አይደለም።

በካርቱም ያለው ሁኔታ

የካርቱም የሕክምና ትምህርት ታሪክ ረጅም ነው። የኪችነር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1924 ተከፍቶ በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል፤ የዩኒቨርሲቲው የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲም በ1971 ተመሠረተ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የመንግሥትና የግል ተቋማት የጥርስ ሕክምና ማስተማር ጀመሩ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት በካርቱም ሲጀመር ግን ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ሕንፃዎችና መሣሪያዎች ተጎዱ፤ ብዙ ተቋማት ትምህርታቸውን ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ኢንተርኔት አዛወሩ። የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ የያዘው በ2025 የጸደይ ወራት ነው።

ከዚህ የምትወስዱት ምክር የሚከተለው ነው። የንድፈ ሐሳብ ትምህርት በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል፤ ሰም መቅረጽና ጀሶ ማፍሰስ ግን በስልክ አይለመድም። «ላቦራቶሪው የት ነው? እኔስ በሳምንት ስንት ሰዓት እገባለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግሞም የጥርስ ሐኪም የሚያስተምር ፋኩልቲ ሁሉ ረዳትና ቴክኒሺያን ያስተምራል ማለት አይደለም።

ቋንቋውስ? የሱዳን መንግሥት በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በዐረብኛ እንዲሆን ወስኖ ነበር፤ በጤናው ዘርፍ ግን እንግሊዝኛም ያስፈልጋል። ዐረብኛ የከበዳችሁ ልጆች አትፍሩ። በግዕዝ ጥርስ «ስን» ነው፤ ሲበዛ «አስናን» ይባላል። በዐረብኛም ስንና አስናን ነው። የጥርስ ሐኪምም «ጠቢብ አስናን» ይባላል፤ «ጠቢብ» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁና ከባዶ አትጀምሩም።

ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ

1ኛ. ትምህርቱ የረዳት ነው ወይስ የቴክኒሺያን? ሲጨርስ የሚሰጠው ሰርተፊኬት፣ ዲፕሎማ ወይስ ዲግሪ ነው? የረዳትነት ትምህርት ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ የቴክኖሎጂው ከሁለት እስከ አራት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

2ኛ. ተቋሙ በአገሩ የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር የታወቀ ነው? ማረጋገጫውን ከማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ከሚኒስቴሩ ጠይቁ።

3ኛ. የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁ ተቀባይነት አለው? የሱዳን ሰርተፊኬት (ሻሃዳ) የሌለው ተማሪ ያለውን ወረቀት ማስመዘንና አቻነቱን ማስመስከር አለበት። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ መማራችሁ ወሳኝ ነው።

4ኛ. ከምረቃ በኋላ መሥራት ይፈቀዳል? በሱዳን ስደተኛ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ጉዳዩን አስቀድማችሁ ከስደተኞች ኮሚሽን (ኮር) ጠይቁ።

ስለ ገንዘብ፣ ዳፊ የተባለው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ከ1992 ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በኩል ስደተኞችን በመጀመሪያ ዲግሪ ያስተምራል። ቦታው ጥቂት፣ ውድድሩ ብዙ ነው። የትምህርት ውጤታችሁንና የስደተኛነት ወረቀታችሁን ቅጂ አሁኑኑ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፤ በስልክም ፎቶ አንሡት። ማስታወቂያው ሲወጣ ወረቀት መፈለግ የሚጀምር ሰው ይቀደማል።

ወደ ሦስተኛ አገር ለሚሄዱ

ሙያው ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን ሁለቱም ሙያዎች በሥራ ቦታና በሙያ ትምህርት ቤት እየተፈራረቁ ይማሯቸዋል፤ ለረዳትነት ሦስት ዓመት፣ ለቴክኒሺያንነት ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። በእንግሊዝ አገር ሁለቱም ከ2008 ጀምሮ በጥርስ ሕክምና ምክር ቤት ሳይመዘገቡ መሥራት አይችሉም። በአሜሪካ ደንቡ እንደየስቴቱ ነው። ስለዚህ ከዚህ የያዛችሁት ዲፕሎማ እዚያ እንዳለ ላይታወቅ ይችላል። እጃችሁ የለመደው ሥራና የተማራችሁት ሳይንስ ግን ትምህርቱን ቶሎ እንድትጨርሱ ይረዳችኋል። የወሰዳችኋቸውን ኮርሶች ዝርዝርና የልምምድ ሰዓታችሁን በማኅተም አስጽፋችሁ ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ረዳትም ሆነ ቴክኒሺያን የጥርስ ሐኪም አይደለም። ጥቂት ወር ተምሮ በቤቱ ጥርስ የሚነቅል ሰው በካምፕም በከተማም ይገኛል። ጎረቤት ለምኖት ቢሆንም፣ በርኅራኄ ቢያደርገውም፣ ባልጸዳ ዕቃ የተነቀለ ጥርስ ሰው ሊገድል ይችላል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለዚህ ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

ለየትኛው ሙያ እንደምትሆኑ ማወቅ ትፈልጋላችሁ? አንድ ደረቅ ሳሙናና የደነዘዘ ትንሽ ቢላዋ ያዙ። መስተዋት ፊት የፊት ጥርሳችሁን አይታችሁ በሦስት እጥፍ አሳድጋችሁ ከሳሙናው ቅረጹ። በጥርስ ትምህርት ቤትም ጀማሪዎች በሰም ወይም በሳሙና እንዲህ ይለማመዳሉ። ሁለት ሰዓት ሳይሰለቻችሁ ካለፈና «ገና አልመሰለም» ብላችሁ እንደገና ከጀመራችሁ ላቦራቶሪው ይስማማችኋል። ሥራው ሰልችቷችሁ፣ ይልቅስ ጥርሱ የታመመ ታናሽ ወንድማችሁን ማባበልና ወደ ክሊኒክ ይዛችሁ መሄድ የሚቀልላችሁ ከሆነ ረዳትነቱን አስቡበት።

ወላጆችም ልጃችሁ ሳሙና ሲፈቀፍቅ ብታገኙት አትቆጡ። ፍቅፋቂው ልብስ ያጥባል፤ ልጁ ግን የሚኖርበትን ሙያ እየፈለገ ሊሆን ይችላል።

በርቱ።