በትልቁ ከተማ ውስጥ የዛፍ ጥላ

አዲስ አበባ ጸጥታ የሚገኝባት ከተማ አይደለችም የሚለውን ወቀሳ ከጎረቤቶቻችን ጋራ ሆነን እኛም ብዙ ዘመን ስንደግመው ኖረናል። የመኪናው ጡሩምባ፣ የሕንፃ ሥራው መዶሻ፣ ከየሱቁ ደጃፍ የሚለቀቀው ዘፈን ከንጋት እስከ ምሽት ጆሮን አያሳርፍም። ቤታችን ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነውና መስኮቱን ብንከፍተው አቧራና ጩኸት፣ ብንዘጋው ደግሞ ወበቅ ይሆንብናል። ይሁን እንጂ ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህ ወቀሳችን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ግን የስንፍናችን መሸፈኛ እንደ ነበረ ተረድተናል። ከተማዪቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያላት ናት፤ በዚህ ሁሉ ስፋት ውስጥ ዛፍ የበቀለበት፣ የወፍ ድምፅ የሚሰማበት፣ ሰው ረጋ ብሎ የሚቀመጥበት ስፍራ ዛሬም አልጠፋም። እኛ ነን ያልሄድንበት።

ይህን ያስተዋልነው በእናታችን ምክንያት ነው። እናታችን ዐይናቸውን ለመታከም ከመንዝ መጥተው በዚያው ከእኛ ዘንድ ቀሩ። ከእለታት አንድ ቀን የሰባት ዓመቱ ልጃችን የአምስት ዛፎችን ስም ጽፎ እንዲመጣ ከትምህርት ቤት ታዘዘ። ባሕር ዛፍ ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም ማንጎ፤ ጥቂት ካሰበ በኋላ ደግሞ የገና ዛፍ ብሎ ጻፈና እርሳሱን አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ እያልን ስሙን ነገርነው። «ጽድ ምን ይመስላል?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ ግን መልስ አጣን፤ ስሙን እንጂ መልኩን አናውቀውምና። በዚህ ጊዜ እናታችን ከተቀመጡበት ሆነው፣ «ዛፍ በወረቀት አይታወቅም፤ ውሰዱኝና እኔ ላሳየው» አሉ።

መጀመሪያ የሄድነው ሩቅ አይደለም፤ ወደ ደብራችን ነው። ዐጸድ ማለት በግእዝ የተከለለ የአትክልት ቦታ ማለት መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን፤ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ስንል አፋችን ለምዶት ግቢውን ብቻ እናስባለን እንጂ ዛፉን አናስብም። በእውነቱ ግን በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ አገራችን የጥንቱ ደን በብዙ ስፍራ ተመንጥሮ ሲያልቅ የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። በእርሻ መካከል ጫካ የከበበው ጉልላት ከሩቅ የታየ እንደ ሆነ ያ ደብር ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን የቆዩት አድባራት ግቢ ከውጭው ጎዳና በተለየ ቅዝቃዜ የሚቀበለን ስለዚሁ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተበትኖ ግቢው ጭር ባለ ጊዜ እናታችን ልጁን በእጁ ይዘው ከዛፍ ወደ ዛፍ ያዞሩት ጀመር። የወይራውን ቅጠል ገልብጠው ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ግን ቡናማ ወርቅ የመሰለ መሆኑን አሳዩት፤ በገጠር የወተቱ ዕቃና የጠላው ጋን በጭሱ እንደሚታጠን ነገሩት። የብሳናውን ቅጠል አረንጓዴውን ከአረንጓዴው መካከል ሳለ ሲያረጅ እንደ ብርቱካን የሚቀላውን አንሥተው ሰጡት። የአበሻውን ጽድና የፈረንጁን ጽድም ለይተው አስተማሩት። እኛ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁለቱን አንድ አድርገን ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን! የአበሻው ጽድ ልጡ በረዥሙ እየተላጠ ይወርዳል፤ ፍሬው ትንንሽና ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ ዕድገቱም እጅግ ዝግ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ በግቢው ምሥራቃዊ ማዕዘን በኩል ቆም ብለው ዙሪያቸውን ተመለከቱና፣ «የልጁ ክርስትና ዕለት የተቀመጥንበት ያ ትልቅ ጽድ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁን።

ስፍራው ላይ አሁን አዳራሽ ቆሞበታል። «አርጅቶ ወደቀ፣ እናቴ» ብለን መለስን። የደብሩ ሽማግሌ ዘበኛ በአጠገባችን ቆመው ነበርና ቀና ብለው አዩን፤ ነገር ግን አንዳች አልተናገሩም።

ዛፉ አርጅቶ አልወደቀም። ከአምስት ዓመት በፊት ሰበካው ተሰብስቦ ስለ አዳራሹ ሲመክር ሁለት ጽዶች ይቆረጡ ዘንድ ሐሳብ ቀረበ፤ እጃቸውን ካነሡት መካከል እኛም ነበርን። አዳራሹ ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬም የሰንበት ተማሪው ይማርበታል፣ ሐዘንተኛው ዝናብ ይጠለልበታል። ግን በዚያ ስብሰባ ላይ አዳራሹን ወደ ግራ ዐሥር ክንድ ማዛወር ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዛፍ በራሱ አፍ አይናገርምና ስብሰባው በግማሽ ሰዓት አለቀ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ እንጦጦ ወጣን። እናታችን ጉልበታቸው ስለማይችል ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ ሽቅቡን በታክሲ ሄድን። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለውና በእኩለ ቀን እንኳ ጋቢ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን አስቀድመው የሠሩት በዚህ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ነው። ይሁን እንጂ ብርዱና ነፋሱ ስለ በረታ፣ የፍልውኃውም መስክ ስላማረ፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ከተማ ከተራራው ግርጌ ተቆረቆረች፤ ቤተ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ወደዚያ ወረደ።

በዚያን ጊዜ የእንጦጦ ገላ የተራቆተ ነበር። ሠራዊቱና ሕዝቡ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ የቅርቡን ዛፍ ቆርጦ ስለ ጨረሰው፣ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ይህ ተክል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ነውና ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። በጥቂት ዓመታት ይረዝማል፣ ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ በየግቢው ተከለው፤ ከተማዪቱም ባለችበት ጸናች። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ደግሞ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን የከተማዪቱን ምጣድ ያሞቁት የእንጦጦን ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶች ናቸው፤ ከእናቶቻችን መካከል በዚያ ሸክም ልጅ ያሳደጉ ጥቂቶች አይደሉም።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከተከፈተ ወዲህ የተሠራ መንገድና መቀመጫ ስላለ ልጅና ሽማግሌ ይዞ መሄድ ቀሏል። ሆኖም በበዓል ቀን ሰው ይበዛል፤ ጸጥታ የሚፈልግ በሥራ ቀን ማለዳ ቢሄድ ይሻለዋል። እኛ ከመንገዱ ጥቂት ራቅ ብለን ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ነፋሱ በቅጠሉ መካከል ሲያልፍ የሚያሰማው ድምፅ ደስ ያሰኛል፤ ሽታውም የጉንፋን ቀን የሚታጠነውን እንፋሎት ያስታውሳል። እናታችን ግን ጥቂት ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ፣ «ወፍ የለም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር ሣርና ቁጥቋጦ እንደ ልብ አይበቅልም፤ መሬቱን ቅርፊትና ደረቅ ቅጠል ሸፍኖታል። ባሕር ዛፍን መንቀፍ ዛሬ የተለመደ ነውና እኛም ልንጀምር ስንል እናታችን ከለከሉን፤ «ቤቴን ያቆመው እርሱ ነው፤ አትስደቡት» አሉ።

የወፉን ድምፅ ያገኘነው በጉለሌ ነው። በከተማዪቱ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በከተማው አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኅብረት የተቋቋመ፣ ከ700 ሔክታር የማያንስ ቦታ ነው። እዚህ የሚደረገው ሥራ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ይኸውም የአገሩን ዕፅዋት ሰብስቦ መትከል፣ ማጥናትና ስማቸውን ለትውልድ ማቆየት ነው። ከሁሉ ይልቅ የወደድነው ስፍራ ይህ ስለ ሆነ እስከ አሁን አራት ጊዜ ተመላልሰንበታል። ዝግባው፣ ጥቁር እንጨቱ፣ አምጃው በቢጫ አበባው፣ ኮሶውም ቀይ ዘለላውን አንጠልጥሎ ይታያል። ኮሶውን ባዩ ጊዜ እናታችን ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ በልጅነታቸው ለሆድ ትል እየተበጠበጠ ሲጠጡት የነበረው ምሬት ከስድሳ ዓመት በኋላም ከምላሳቸው አልጠፋም ነበር። ልጁም በጣም ሳቀ።

ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ የተጠማዘዘ እንዶድም አገኙ። «ነጠላችንን በምን ያነጣነው ይመስላችኋል?» አሉ። እኛም በበኩላችን የምናውቃትን አንዲት ነገር ጨመርን፤ ይኸውም ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ ዓመታት በዐድዋ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችን ተመልክተው፣ የእንዶዱ አረፋ በሚወርድበት ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ስላገኙ፣ ተክሉ የብልሃርዝያን በሽታ ለመከላከል እንደሚረዳ ለዓለም ማሳወቃቸውን ነው። እናታችን አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እንግዲህ ሴቶቹ ናቸዋ ያገኙት» አሉ። እኛም መልስ አልነበረንም።

በዚያው ቀን፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነ አንድ ትልቅ ቁራ ከፊታችን ሲመላለስ እያየን ቆሎ ስንቆረጥም፣ የደብራችን ጽድ አርጅቶ እንዳልወደቀ ነገርናቸው። እጃችንን ማንሣታችንንም አልደበቅንም። እናታችን ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከቁጣው ይልቅ ዝምታው ከበደን። በመጨረሻም ያሉት ነገር ቢኖር፣ «ዘበኛው ያውቁ ነበር፤ ዐይናቸውን አይቼዋለሁ» የሚል ብቻ ነው። ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲው ውስጥ፣ «ችግኝ የሚሸጥበት ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁን።

ከእነዚህ ስፍራዎች ሌላ ጉልበት ላለው ሰው የየካ ተራራ አለ። በዛፍ መካከል ሽቅብ የሚወስደው መንገድ ከአንድ ዓለት ተፈልፍሎ ወደ ተሠራው ወደ ዋሻ ሚካኤል ያደርሳል፤ ትውፊት ዘመኑን ከአብርሃና አጽብሐ ያደርሰዋል። ጣሪያው ፈርሶ ሰማይ ይታይበታል። እናታችንን ወደዚያ ልንወስዳቸው አልቻልንም፤ ልጁ ግን ሄዶ ያየውን ሁሉ ተርኮላቸዋል።

ለመሄድ ያሰበ ቤተ ሰብ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ያለውን ወራት ቢመርጥ መልካም ነው፤ ጭቃው ይደርቃል፣ አደይ አበባም በየተዳፋቱ ይፈነዳል። በክረምት የእንጦጦ መንገድ ያንሸራትታል፤ ጭጋጉም ድንገት ይወርዳል። ዳቦ፣ ቆሎና ውኃ ይዞ መሄድ ይበቃል፤ ቆሻሻን ግን ይዞ መመለስ ይገባል። በፕላስቲክ የተሞላ የዛፍ ሥር ማየት እንዴት እንዳሳፈረን መግለጽ አንችልም። ተራራ የወጣ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይመለስ፤ ጅብ በዚያ አካባቢ የተረት እንስሳ አይደለም። በስልክ ዘፈን መክፈትም የሌላውን ጸጥታ መስረቅ ነው፤ ይህን የምንለው በእኛው ቤት ካሉት ልጆች አንደኛው በመጀመሪያው ቀን ስላደረገው ነው።

ችግኙን ያገኘነው ከአንድ የመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ዘንድ ነው። ሻጩ ቶሎ ያድጋል ብሎ የፈረንጁን ጽድ ሊሰጠን ነበር፤ ልጁ ግን ቅጠሉን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ፣ «ይህ አይደለም» አለ። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን በአምናው ሐምሌ ከአዳራሹ በስተ ኋላ ተከልነው። ጉድጓዱን የቆፈሩልን ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው። በመስከረም ወር ልጁ በማስመሪያው ሲለካው ቁመቱ ከጉልበቱ ጥቂት አለፍ ይላል።

እናታችን አሁን ከቅዳሴ በኋላ ወንበራቸውን ከዚያ ችግኝ አጠገብ ያስደርጋሉ። ጥላ የለውምና ፀሐዩ ይመታቸዋል። ወደ ወይራው ሥር እንዲዛወሩ ብንለምናቸው እሺ አላሉም፤ ስለዚህ ልጁ ጃንጥላ ይዞላቸው ይቆማል።