የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስና የሚያስቀረው ፕሮቲን

በሀብሩም ሆነ በወልዲያ የወፍ በሽታ ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው ዓይኑ ቢጫ የሆነ ታማሚን ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ይህን ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ጉበት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች በብዛት የተገኙት የቫይረሱ ዝርያዎች ኤ እና ዲ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ፕሮቲን በማሠራት ረገድ ይለያያሉ።

የቫይረሱ የዘር መመሪያ 3,200 ገደማ ፊደላት ብቻ አሉት። የራሱ የፕሮቲን ማምረቻ ስለሌለው የሚጠቀመው በጉበት ሴል ራይቦዞም ነው። ራይቦዞም ከመመሪያው የተቀዳውን፣ አርኤንኤ የተባለውን መልእክት ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ያነባል፤ ለእያንዳንዱ ሦስትዮሽ አንድ አሚኖ አሲድ ይቀጥላል፤ "አቁም" የሚል ሦስትዮሽ ሲደርሰው ሥራውን ያበቃል።

ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ወደ ደም የሚወጣው ኢ አንቲጂን ነው። ቫይረሱ ያለ እሱም ይራባል። በዝርያ ዲ 1896ኛው ፊደል ብዙ ጊዜ ከጂ ወደ ኤ ይቀየራል። ቲጂጂ የነበረው ቲኤጂ ሲሆን ትእዛዙ "አቁም" ይሆናል። ራይቦዞሙ መሐል ላይ ይቆማል፤ ኢ አንቲጂንም ይቀራል።

በዝርያ ኤ ይህ ለውጥ እምብዛም አይታይም። 1896ኛው ፊደል አርኤንኤው ሲታጠፍ ከ1858ኛው ጋር ይጣመራል፤ ቫይረሱ የዘር መመሪያውን ለማሸግ ይህ እጥፋት ያስፈልገዋል። በዝርያ ኤ 1858ኛው አብዛኛውን ጊዜ ሲ ነው፤ ሲ ደግሞ ከጂ እንጂ ከኤ ጋር አይጣመርም። በአፍሪካ በተስፋፋው ንዑስ ዝርያ ኤ1 የሚቀየሩት ከ1809 እስከ 1812 ያሉት፣ ከንባቡ መነሻ ጥቂት የሚቀድሙ ፊደላት ናቸው። ያኔ ራይቦዞሙ መነሻውን ብዙ ጊዜ ስቶ ያልፋል፤ ኢ አንቲጂን ቢሠራም መጠኑ ይቀንሳል።

ይህን ማወቅ ለታማሚ ትልቅ ጥቅም አለው። በፈጣን ምርመራ ካርድ ላይ ሁለተኛውን መስመር የሚያወጣው የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን አንቲጂን ነው፤ የራሱ መመሪያ ስላለው እነዚህ ለውጦች አያስቀሩትም። እሱ "ፖዘቲቭ" ሆኖ ሳለ የኢ ምርመራ "ኔጌቲቭ" ቢል ተፈውሻለሁ ብሎ ክትትል ማቋረጥ አይገባም። በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠንና የጉበት ኢንዛይም መለካት አለባቸው።

ሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው የሚወስዱት ክትባትም የሚያነጣጥረው በዚሁ የሽፋን አንቲጂን ላይ ነው። የኢ አንቲጂን መቅረት ክትባቱን አያከሽፈውም፤ ስለዚህ ሦስቱንም ዙር ማስጨረስ የወላጅ ግዴታ ነው።