ያውቁ ኖሯል? ተጨማሪ ቅጂ ያለው ዘረመል

▪ ጉበታችን ውስጥ የሚገኘው ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች የሩብ ያህሉን ይዘት በመለወጥ ሥራ ይሳተፋል።

▪ የዚህ ኢንዛይም ዘረመል (ጂን) ያለው በ22ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ ላይ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ከሰው ክሮሞሶሞች መካከል በመጀመሪያ ቅደም ተከተሉ ተነብቦ ይፋ የሆነው ይኸው ክሮሞሶም ነው።

▪ አብዛኞቻችን የዚህን ዘረመል ከእናት አንድ፣ ከአባት አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ እንወርሳለን። አንዳንዶች ግን ሦስትና ከዚያ በላይ አላቸው። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው።

▪ ለሕመም ማስታገሻነትና ለሳል የሚሰጠውን ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ይህ ኢንዛይም ነው። ትርፍ ቅጂ ባለው ሰው ሰውነት ውስጥ ሞርፊኑ በፍጥነትና በብዛት ስለሚፈጠር ትንፋሽን እስከ ማዳከም ሊደርስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አሳስቧል።

▪ ኮዴይን የወሰደ ሰው ከባድ እንቅልፍ ከተጫነው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ትንፋሹ ከዘገየ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይወሰድ።