ማዕበል የማይወስደው ሀብት

በጥንት ዘመን በሮማውያን አገር ዊትሩዊዮስ የሚባል መሐንዲስ ነበረ። እርሱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአውግስጦስ ቄሳር ዘመን ስለ ሕንፃ ሥራ ዐሥር ክፍል ያለው መጽሐፍ ጽፎ ለቄሳሩ አበረከተለት። በዚህ መጽሐፍ የከተማ ቦታ እንዴት እንደሚመረጥ፥ ቤት እንዴት እንደሚሠራ፥ ውሃም ከሩቅ እንዴት እንደሚመጣ ይናገራል። መልካም ሕንፃ ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል ይላል፤ ይኸውም ጽናት፥ ጥቅምና ውበት ነው።

ዊትሩዊዮስ ግን ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ብቻ አልጻፈም። መሐንዲስ የሚሆን ሰው ጽሕፈትን፥ ሥዕልን፥ ሒሳብን፥ ሕግንና ፍልስፍናን ይማር ዘንድ ይገባል ብሎ አስተማረ። በስድስተኛው ክፍል መጀመሪያም ስለ አሪስጢጶስ እንዲህ ሲል ይተርካል።

አሪስጢጶስ የሶቅራጥስ ደቀ መዝሙር የነበረ ፈላስፋ ነው። በባሕር ሲሄድ መርከቡ ተሰበረችና ከጓደኞቹ ጋር በሩድ ደሴት ዳርቻ ተጣለ። በአሸዋው ላይ ግን የጂኦሜትሪ፥ ማለት የልኬት ትምህርት፥ ሥዕል ተሥሎ አየ። በዚህ ጊዜ፥ አይዟችሁ፥ በዚህ አገር የተማሩ ሰዎች አሉ ብሎ ጓደኞቹን አጽናናቸው። ወደ ከተማም ገብቶ ስለ ፍልስፍና ተናገረ። የከተማው ሰዎች ዕውቀቱን አይተው ብዙ ስጦታ ሰጡት፤ በዚያም ራሱን ረዳ፥ ጓደኞቹንም አለበሰ፥ መገበም። ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሊመለሱ በተነሡ ጊዜ፥ ለወገኖችህ ምን እንንገርልህ ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ መርከብ ሲሰበር ከባለቤቱ ጋር ዋኝቶ የሚወጣ ሀብት ለልጆቻቸው ያውርሱ ብሎ ላከባቸው። ይህም ሀብት ትምህርት ነው።

ዊትሩዊዮስ ራሱ ባለጠጋ አልነበረም፤ ነገር ግን ወላጆቹ ስላስተማሩት እጅግ አመሰገናቸው።

ከብዙ ዘመን በኋላ የሮማውያን መንግሥት ወደቀ፤ ከታላላቅ ሕንፃዎቻቸውም ብዙዎቹ ፈረሱ። መጽሐፉ ግን ጸሐፊዎች በእጃቸው እየገለበጡ ስላቆዩት አልጠፋም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1416 ዓመት ፖጆ የተባለ ኢጣልያዊ ሊቅ በስዊስ አገር በቅዱስ ጋል ገዳም አንድ ግልባጭ አገኘ። ከዚያ ወዲህ የኢጣልያ መሐንዲሶች መጽሐፉን እየመረመሩ ብዙ ጥበብ ተማሩበት።

ልጆች ሆይ፥ ቤትን እሳት ያቃጥለዋል፤ ገንዘብንም ሌባ ይሰርቀዋል። የተማሩት ትምህርት ግን ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ አብሮት ይሄዳል፤ ለሌላ ቢያካፍሉትም አይጎድልም።