ወደ ግራ ለመታጠፍ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በጌዶ አድርጎ ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አስፋልት፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ባኮ ከተማን ሰንጥቆ ያልፋል። ጭነት ይዞ ወደ ወለጋ ለሚገሰግስ ሾፌር አገር አቋራጭ ጎዳና ነው፤ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ባለባጃጅ ግን የሰፈር መንገድ ነው። ሁለቱ የሚፋጠጡት መታጠፊያ ላይ ነው።

ከመታጠፊያም ከባዱ የግራው ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ በኩል ትነዳ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ወደ ቀኝ ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ጥጉን ይዞ ይገባል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ግን ከፊት የሚመጣውን ረድፍ አቋርጦ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ቅድሚያው ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በቆሎ የጫነ አይሱዙ ደግሞ ፍሬን ስለተያዘ ብቻ ወዲያው አይቆምም። «እደርሳለሁ» ብሎ መግባት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው።

ትክክለኛው አካሄድ ቀድሞ ይጀምራል። ሾፌሩ በስፖኪዮ ኋላውን ያያል፣ የግራ ፍሬቻ ያሳያል፣ ፍጥነቱን እየቀነሰ ወደ መሃል መስመሩ ይጠጋል፣ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ጎማው ቀጥ ያለ ይሁን፤ አስቀድሞ ከጠመዘዘው ከኋላ የሚገጨው መኪና በቀጥታ ወደ ተቃራኒው ረድፍ ይገፋዋል። ከሁሉ የከፋው ተሳፋሪ ካወረዱበት የቀኝ ዳር ተነስቶ ባንዴ ወደ ግራ መጠምዘዝ ነው። እንዲህ የሚጠመዘዝ ባጃጅ ከኋላውም ከፊቱም ለሚመጣው ሰው ድንገተኛ ነው፤ ማንም አላሰበውም።

ከውስጥ መንገድ ወደ አስፋልቱ ለሚወጣ ደግሞ «ቁም» የሚለው ስምንት ማዕዘን ምልክት ሲኖር ጎማው ፈጽሞ መቆም አለበት፤ መንገዱ ባዶ ቢመስልም። ቅርጹ ከሌሎቹ ምልክቶች ስለሚለይ በጀርባው በኩል እንኳ ይታወቃል፤ ዋናውን መንገድ የያዘውም ሾፌር ሌላው እንዲቆም መታዘዙን ያውቃል። ከፊቱ ተገልብጦ የተተከለ ሦስት ማዕዘን ከሆነ ግን ፍጥነት ቀንሶ ቅድሚያ መስጠት ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ሳይቆም ማለፍ ይችላል።

የሚታጠፍ ሾፌር ሊገባበት ባለው መንገድ የሚሻገሩትን እግረኞችም ማሳለፍ አለበት። ገበያ ቀን ከሆነ ሸክም ያዘለችው እናትና የተጫነው አህያ ከመኪና ሩጫ ጋር እኩል መፍጠን አይችሉም፤ የሚጠብቀው ባለሞተሩ ነው። በክረምት ደግሞ ጭቃ የሸፈነው ፍሬቻ ቢበራም አይታይም፤ ከመነሳት በፊት በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል።