በረዶ መዛቅ እና "አረጀሁ እንዴ?" የሚለው ጥያቄ

ሚኒሶታ፣ ዴንቨር፣ ዲሲ ያላችሁ፣ ከከባድ በረዶ በኋላ "አምና ሳላርፍ የዛቅኩትን ዘንድሮ እያለከለክሁ ነው የጨረስኩት፤ ምን ነካኝ?" ትላላችሁ።

ልባችን በደቂቃ ሊመታ የሚችለው ትልቁ መጠን በዕድሜ ይቀንሳል። በግምት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፦ በ30 ዓመት 190፣ በ60 ዓመት 160። አካፋው ግን ዕድሜ አይጠይቅም! በዚያ ላይ ብርዱ የደም ሥርን ያጠባል፣ ግፊት ይጨምራል። በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ስፖርት የማይሠሩ 10 ጤነኛ ወንዶች ከባድ በረዶ ሲዝቁ፣ በ2 ደቂቃ ብቻ የልብ ምታቸው ከትልቁ መጠን 85 በመቶውን አልፏል።

ስለዚህ፦
✅ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ ትንሽ ተንቀሳቀሱ፣ ሰውነታችሁን አሙቁ።
✅ ከማንሳት መግፋት ይሻላል። ካነሳችሁም አካፋውን አትሙሉት።
✅ ትንፋሻችሁን አትያዙ፤ ቶሎ ቶሎ እረፉ።
✅ የልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ ለሌላ ሰው ተዉት። የጎረቤት ልጅ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በማግስቱ ወገብና ትከሻ ቢያማችሁ ብዙውን ጊዜ የጡንቻ ሕመም ነው፤ በጥቂት ቀን ይለቃል።

⚠️ ደረት ላይ የሚጫን ስሜት፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ግን "ደክሞኝ ነው፣ አርጅቼ ነው" ብላችሁ አትተኙ! ወዲያው 911 ደውሉ፤ ራሳችሁ መኪና እየነዳችሁ አትሂዱ።

ልጆች፣ ዛሬ አካፋውን ከአባባ እጅ ተቀበሉ። ለወላጆቻችሁም ሼር አድርጉ። 🙏